አቶ ሳህሉ ተቃወሙ

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት አራት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ሞልቻለሁ፤ በአራቱም ውስጥ እንደ «አቶ ሳህሉ ተቃወሙ» ደጋግሜ የጻፍኩት ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ምክንያታቸውንም አብሬ እጽፍ ነበር። ሁለተኛው መዝገብ ላይ አሳጠርኩት፤ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ተውኩት። ሊቀ መንበራችን አቶ ኤልሳዕ እጄን አይተው አዝነውልኝ፣ ለዚህች ዐረፍተ ነገር ብቻ ማኅተም ይቀረጽ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በዚህም ላይ አቶ ሳህሉ ተቃወሙ።

ጋሽ ሳህሉ እዚሁ ሰፈራችን ፈላና በር ተወልደው ፈላና በር ያረጁ ሰው ናቸው። ጠበቃ አልነበሩም፤ ዳኛም አልነበሩም፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋይል ታቅፈው ከመዝገብ ቤት ወደ ችሎት ሲመላለሱ የሰሙት ክርክር ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ዕድራችን ላይ ፈሰሰ። ለመናገር ሲነሱ «በሕግ አምላክ» ይላሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ኮፍያው ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ገላነሽ ከየስብሰባው ማግስት ያንን ኮፍያ በእንፋሎት ሲያቃኑ ነው የሚውሉት።

ዕድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ አባላቱ ሃምሳ ይጠጋሉ። በወር አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በዕድሩ ቤት ግቢ እንሰበሰባለን። ከቀትር በኋላ መሆኑ ለጋሽ ሳህሉ አይበጅም ነበር፤ ምክንያቱም ዋናው ተከራካሪያቸው ሳኒ በዚያ ሰዓት ጫቱን ቅሞ፣ መርቅኖ ነው የሚደርሰው። ሳኒ ከገጠር መጥቶ ጊደር መጋላ ገበያ እህል መሸጥ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ገበያ ውስጥ ከሃምሳ ደላላ በላይ መጮህ የለመደ ድምፅ አለው። ጋሽ ሳህሉ ግራ ካሉ ሳኒ ቀኝ ይላል፤ ሳኒ ቀኝ ሲል ደግሞ ቤቱ በሙሉ ቀኝ ይላል።

አንድ ጊዜ ጋሽ ሳህሉ ስለ ድስት ሐሳብ አቀረቡ። ዕድሩ ሁለት ዓይነት ድስት አለው፤ ቀይ ቀለም የተቀባው ለክርስቲያን ሥጋ፣ አረንጓዴ የተቀባው ለሙስሊም ሥጋ። እሳቸው ለቅሶ ቤት ሥጋው ይቅርና ሽሮና ምስር ብቻ ይሠራ አሉ፤ ጾምም አይፈርስም፣ ሐራምም አይነካም፣ አንድ ዓይነት ድስት ለሁሉ ይበቃል። ልብ ብሎ ላሰበው መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን አባላችን የሆኑት ቄስና አባላችን የሆኑት ሼህ ተያይተው እጃቸውን እኩል በተቃውሞ አነሱ፤ ሌላውም ተከተለ። ስለ መቻቻል የተሰጠን ሥልጠና ሁሉ ያላመጣውን አንድነት ጋሽ ሳህሉ በአንድ ድስት አመጡት።

ሌላ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ፖለቲካ እንዳይወራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጋሽ ሳህሉ ሐሳብን የመግለጽ መብት ከጫማ ጋር ድንኳን በር ላይ አይወልቅም ብለው ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ሳኒ ሁለት ደቂቃ መልስ ሰጠ። አርባ አምስት ለአንድ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ለቅሶዎች ለቀስተኛው ወለል ወለሉን እያየ ዝም ብሎ ከመቀመጥ በቀር የሚያወራው ስላጣ፣ ሰው ማርፈድ ጀመረ። ክልከላው በሦስተኛው ለቅሶ በዝምታ ተረሳ፤ ጋሽ ሳህሉ ልክ ነበሩ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እውነቱን ልናገር፤ ነገሩን ሳይሆን ተናጋሪውን ነበር የምናየው። ጋሽ ሳህሉ ከተነሱ ምን እንዳሉ መስማት አያስፈልግም፤ ተቃራኒው ላይ እጅ ማንሳት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛም አብረን አንድ ጡረተኛ አስረን ነበር። እኔም ከአሳሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ተማሪ ስቆጣ ከርሜ እሑድ ለስብሰባ የምደርስ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ቶሎ ያልቅልኝ እንጂ ስለ ፍትሕ ደንታም አልነበረኝም።

በዚህ መካከል ጥሩምባ ነፊያችን ጌታነህ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አቶ ኤልሳዕም ከእንግዲህ ሞት በቴሌግራም ይነገር፣ የዕድሩ አባል ሁሉ በአንድ ግሩፕ ይግባ አሉ። ጋሽ ሳህሉ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። የዚያን ዕለት ንግግራቸው አጭር ነበር።

«ሞት ስልክ ያለውንና የሌለውን አይለይም፤ እናንተ ልትለዩ ነው። እትዬ ለተማርያም ስልክ የላቸውም፣ ጆሯቸውም ከብዷል። ጌታነህ በራቸው ላይ ቆሞ ካልነፋ ማን ይነግራቸዋል?»

ሳኒ ጎረቤት ይነግራቸዋል፣ አቦ ዓለም የት ደረሰ እኛ ገና ጥሩምባ ላይ ነን አለ። ሰው ሳቀ። አርባ ስምንት ለአንድ ጸደቀ፤ ጥሩምባው ዕቃ ቤት ገብቶ ከቀዩ ድስት ጋር ተሰቀለ። በደስታ ብዛት ደንባችን ላይ ስለ ጥሩምባ ምን ተጽፎ እንደነበር ያየ ሰው አልነበረም።

እትዬ ለተማርያም ጊደር መጋላ ቅመም የሚሸጡ፣ ሰባውን የተሻገሩ ብቸኛ ሴት ናቸው። ማለዳ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ሞተብን። ሁለቱ ሙስሊም ስለነበሩ ጀናዛው ከቀትር በፊት ወጣ፤ የሦስተኛውን እትዬ ለተማርያም ሲሰሙ ድንኳኑ ተነሥቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሌላው ጎረቤት ነግሯቸዋል ብሎ አስቦ ኖሯል። በደንቡ ሦስት ለቅሶ በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዛል ተብሎ ስማቸው ተሰረዘ። መሰረዛቸውንም ያስታወቅነው በቴሌግራም ነው።

በአራተኛው ለቅሶ እትዬ ለተማርያም በሰው በሰው ሰምተው በጠዋቱ መጡ፤ ለሐዘንተኛው ወጥ የሚሆን በርበሬ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ድንኳን በር ላይ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ስሜን ጥሪኝ ልጄ አሉኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። ጆሯቸው ስለከበደ፣ መሰረዛቸውን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። ቋጠሮውን እግሬ ሥር አስቀምጠው ተመለሱ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ እትዬ ለተማርያም ወደ ጋሽ ሳህሉ ቤት ሄዱ። ይህን የነገሩኝ እትዬ ገላነሽ ናቸው። አላለቀሱም፤ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንዲህ ብቻ አሉ፦

«ሳህሉ፣ መሞቱስ ይሁን። ማን ያነሣኛል? ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ አልቅሼ የቀበርኩ ሰው ቀባሪ ልጣ?»

ጋሽ ሳህሉ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ እርስዎ እናገራለሁ ብለው ቃል ሰጡ። እትዬ ለተማርያምም መርቀዋቸው ሄዱ። ያን ጊዜ እትዬ ገላነሽ፣ ጓዳ ሆነው ሲሰሙ የቆዩት፣ ወጥተው የአርባ ዓመት ትዳር የሚሰጠውን ድፍረት በሙሉ ተጠቅመው ተናገሩ።

«አንተ ከቆምክላትማ አለቀላት።»

ጋሽ ሳህሉ ተቃወሙ። እትዬ ገላነሽ ታዲያ አንተ ደግፈኸው የጸደቀ አንድ ነገር ጥራልኝ አሏቸው። ቢያስቡ ቢያስቡ አጡ። አንድስ አይጠፋም ብለው በነገታው እኔ ቤት መጡና የቃለ ጉባኤ መዝገቦቹን ጠየቁኝ።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጡ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው አነበቡ። በእርሳስ መስመር እያሰመሩ ቆጠሩ። ስልሳ ሦስት ጊዜ ተቃውመው ስልሳ ሦስት ጊዜ ተሸንፈዋል፤ አሥራ ሰባት ሐሳብ አቅርበው አሥራ ሰባቱም ወድቋል። በሦስተኛው ቀን መነጽራቸውን አውልቀው፣ የዛሬ አራት ዓመት የነሐሴው ስብሰባ በዝናብ ምክንያት ይተላለፍ ያልኩት ተላልፎልኝ አልነበረም ወይ አሉኝ።

«እሱን ዝናቡ ነው ያስተላለፈው ጋሽዬ» አልኳቸው። «ድምፅ ሳይሰጥ ሰው ተበተነ።»

መዝገቡን ዘግተው ወደ እኔ ገፉት። አሳዘኑኝ። የሚያጽናና ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ምክንያቱም መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊሄዱ ሲነሡ የዕድሩን ደንብ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ በስብሰባው ዕለት ለአባላቱ እንዳድል አዘዙኝ። በር ላይ ደርሰው ደግሞ ተመለሱ፤ ለሳኒ በትልልቅ ፊደል የታተመውን ስጪው፣ መነጽሩን ይረሳል አሉኝ። ለባላጋራቸው ዓይን ይህን ያህል መጨነቃቸው ገርሞኝ ነበር።

የስብሰባው ዕለት እትዬ ለተማርያም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በር ሥር ተቀመጡ። አባል ስላልሆኑ ወንበር አልተሰጣቸውም፤ የከሰል ጆንያ ላይ ነው የተቀመጡት። አቶ ኤልሳዕ የእትዬ ለተማርያም ጉዳይ አለ፣ ይመለሱ ወይስ አይመለሱ ብለው ከፈቱ። ዓይናችን ሁሉ ጋሽ ሳህሉ ላይ ሄደ። ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ወንበሩ ላይ ግን አላስቀመጡትም፤ በሁለት እጃቸው ያዙት።

እንዲመለሱ አልደግፍም አሉ።

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ቀጠሉ። ሕግ ሕግ ነው፤ ዕድር የምጽዋት ቤት አይደለም፤ ሦስት ለቅሶ የቀረ ይሰረዛል ከተባለ ይሰረዛል አሉ። ቴሌግራም ሥልጣኔ ነው፤ ጥሩምባ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ ስልክ ያልያዘ ሰው ከጊዜው ጋር መራመድ ያልፈለገ ሰው ነው አሉ። እትዬ ለተማርያም መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ያዳምጡ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ያልሰሙትን ጮክ እያለች ትደግምላቸዋለች፤ እንደዚያ ያለ ደግነት ባይኖር ደስ ባለኝ።

ከዚያ የከፋ ነገር መጣ። ሰው መስማማት ጀመረ። አቶ ኤልሳዕ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፤ ዛሬ ገና ጋሽ ሳህሉ ቁም ነገር ተናገሩ አሉ። አንዱ በስተኋላ እውነታቸውን ነው አለ። ሳኒ ራሱ አገጩን እያሸ፣ ዛሬስ የምለው የለኝም የሚል ፊት አሳየ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም በዚህ ቀን፣ ጋሽ ሳህሉ ሊያሸንፉ ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። ኮፍያው በእጃቸው ውስጥ ተጨማደደ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። በአንቀጽ አሥራ አራት፣ ንዑስ አንቀጽ ሦስት መሠረት አንዴ የተሰረዘ አባል እስከ ዕለተ ሞቱ አይመለስም አሉ። ቀጥለውም ወደ ሳኒ ዞሩ። «ነጋዴ ሁሉ እህል እንጂ ደንብ አያገላብጥም፤ ያነበበ ካለ ይንገረኝ።»

ሳኒ ስድብ ችሎ አያውቅም። ትልልቁን ፊደል ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ገለጠ። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስሄደ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«ያ ጀመዓ! ወላሂ ንዑስ አንቀጽ ሦስት የሚባል የለም። ሁለት ላይ ነው የሚያልቀው። ሁለቱ ምን ይላል? ስሙ፦ ‹በዕድሩ ጥሩምባ ጥሪ ተደርጎለት በተከታታይ ሦስት ለቅሶ ያልደረሰ አባል ይሰረዛል።› በጥሩምባ! ለእትዬ ጥሩምባ ተነፍቶላቸዋል? አልተነፋም። ታዲያ በየትኛው ሐቅ ተሰረዙ?»

ሰው ሁሉ የራሱን ፎቶ ኮፒ ገለጠ። ሳኒ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ምርቃናው ከሕጉ ጋር ተገናኝቶለት፣ ዕድር ማለት አቅም ለሌለው ነው እንጂ ለባለ ስልክ አይደለም አለ። ለዚህች እናት የከለከልነው ነገ አላህ ፊት ይጠብቀናል አለ። ሞት ስልክ ያለውንና የሌለውን አይለይም፣ እኛ ማን ነን የምንለይ አለ። የኋለኛውን ከራሱ አፍልቆ እንደተናገረው ሁሉ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያም ወደ ጋሽ ሳህሉ ዞሮ ስለ ደንብ አነባበብ ያስረዳቸው ጀመር፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቆሟል። ጋሽ ሳህሉ ያንን ደንብ እስከ ነጥቡ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቁጥር አልተሳሳቱብኝም። ፎቶ ኮፒው፣ ትልልቁ ፊደል፣ የሌለው ንዑስ አንቀጽ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ለእትዬ ለተማርያም ቢቆሙላቸው ኖሮ እኛው ነን የምንጥላቸው። ስለዚህ ሴትዮዋን ለማስመለስ ሴትዮዋን ተቃወሙ።

ድምፅ ተሰጠ። አርባ ሰባት ለአንድ። እትዬ ለተማርያም ወደ ዕድራቸው ተመለሱ፤ በዚያው ጥሩምባውም ከዕቃ ቤት እንዲወጣ ተወሰነ። በተቃውሞ የተነሣችው እጅ ያው የተለመደችው ነበረች። ጋሽ ሳህሉ የልዩነት ሐሳባቸው እንዲመዘገብ ጠይቀው ፈረሙ።

ሰው ሲበተን እትዬ ለተማርያም በር ላይ ጠበቋቸው። ሳኒን መርቀው፣ አቶ ኤልሳዕን መርቀው ጨርሰው ነበር። ጋሽ ሳህሉ ሲደርሱ ነጠላቸውን አጠበቁ።

«ሳህሉ» አሉ። «እናትህን የገነዝኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሳህሉ የተጨማደደውን ኮፍያ ራሳቸው ላይ አድርገው ሄዱ። እኔ መዝገቤን ታቅፌ ተከተልኳቸው። ቤታቸው መታጠፊያ ላይ ደርሼባቸው፣ ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው አልኩ።

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ ሥርጉት» አሉኝ። «የምትጽፊው የተባለውን ነው፤ የታሰበውን አይደለም።» ትንሽ ሄደው ደግሞ ዞሩ። ይህ ነገር ከተሰማ ለሌላ ጊዜ ማን ተቃርኖ ይረታኛል፣ ከእንግዲህ የምቃወመውን ማን ያምነኛል አሉ። እትዬ ለተማርያም አንድ ጊዜ ካወቁ ለሳኒ የሰጡትን ምርቃት መልሰው እንደሚወስዱበት፣ ሳኒም በሰው ፊት ከሚዋረድ ውሳኔውን ይግባኝ እንደሚልበት እርግጠኛ ነበሩ። ሳኒን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሳኒ ለአንድ ወር ያህል ጊደር መጋላ ውስጥ ጋሽ ሳህሉን በሕግ እንዴት እንደረታቸው ሲያወራ ሰነበተ። እህል ሊገዛ የሄደ ሁሉ አንቀጽ አሥራ አራትን ሰምቶ ይመለሳል። ትልልቁን ፊደል ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

በሁለተኛው ወር ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞተ። ጌታነህ በማለዳ ባጃጁን በእትዬ ለተማርያም በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሦስት ጊዜ ነፋ። ድንኳኑ ውስጥ ከሐዘንተኞቹ ቀጥሎ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ በርበሬውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረዋል። ስማቸውን ጠራሁ፤ በቦታው ነበር፤ በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ በአግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ተራ በተራ ጨበጡ። ጋሽ ሳህሉ አራተኛ ነበሩ። ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ለተማርያም አለፏቸውና አምስተኛውን ጨበጡ።

ጋሽ ሳህሉ እጃቸውን መልሰው ኮፍያቸውን አስተካከሉበት። ቁጭ አሉ። ጥቂት ቆይተው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«መገኘታቸውን ጻፍሽ?»

«ጽፌያለሁ ጋሽዬ።»

መዝገቡን አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«እርሳስ ይጠፋል» አሉኝ። «በእስክሪብቶ አድምቂው።»